የተፋቀ የአክሱም ሳንቲም ማንነቱ እንዴት ይታወቃል?

ከአክሱም መንግሥት ዘመን የተረፉት ሳንቲሞች አብዛኞቹ ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም የማይበልጡ፣ ጠርዛቸው የተበላ፣ ጽሑፋቸው የተፋቀና ገጻቸው በአረንጓዴ ዝገት የተሸፈነ የነሐስ ዝርግ ቁራጮች ናቸው። እንዲህ ያለ ሳንቲም ከወላጅ በውርስ፣ ከገበያ በግዢ ወይም ከወዳጅ በስጦታ ወደ ግል ስብስብ ሲገባ፣ የንጉሥ ስም ስለማይነበብበት ብቻ «የማይታወቅ» ተብሎ በሣጥን ውስጥ ለዓመታት ተቀምጦ መቅረቱ የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ የሳንቲም ማንነት ከስም ብቻ አይገኝም፤ ከተሠራበት ማዕድን፣ ከክብደቱ፣ ከሃይማኖት ምልክቱ፣ ከፊደሉ ዓይነትና ከሥዕሉ አቀማመጥ የሚሰበሰቡ ትንንሽ ማስረጃዎች አንዱ ሌላውን እየደገፉ የሚቻሉትን ነገሥታትና ዘመናት ያጠባሉ። ስለዚህ የመለየቱ ሥራ ፊደል ከማንበብ ይልቅ የማይሆነውን በቅደም ተከተል እያስወገዱ የሚሆነውን ማስቀረት ነው፤ ውጤቱም ሁልጊዜ የአንድ ንጉሥ ስም መሆን የለበትም። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው።

የሳንቲሞቹ አጭር ታሪክ

አክሱም የራሱን ሳንቲም መምታት የጀመረው በ3ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ በንጉሥ እንድብስ ዘመን ሲሆን፣ ሥራው በ7ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ ከንጉሥ አርማህ ጋር እስከሚቋረጥ ድረስ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ቀጥሏል። በዚያ ዘመን የራሳቸውን የወርቅ ሳንቲም ያወጡ የነበሩ መንግሥታት ሮምን፣ የሳሳናውያንን ፋርስንና በሰሜን ሕንድ የነበሩትን ኩሻናውያን የመሳሰሉ ጥቂት ኃያላን ስለነበሩ፣ የአክሱም ነገሥታት በወርቅ ላይ ስማቸውንና መልካቸውን ማስፈራቸው የንግድ ፍላጎትም የሉዓላዊነት መግለጫም ነበር።

ሳንቲሞቹ የተመቱት በወርቅ፣ በብርና በነሐስ ነው። ወርቁ በአዱሊስ ወደብ በኩል ለሚካሄደው የቀይ ባሕርና የሕንድ ውቅያኖስ ንግድ የታሰበ በመሆኑ እስከ መጨረሻው ድረስ በአመዛኙ በግሪክኛ የተጻፈ ሲሆን፣ ለአገር ውስጥ ገበያ የዋሉት ብርና ነሐስ ግን ቀስ በቀስ ወደ ግእዝ ተሸጋግረዋል። ወርቁ ምን ያህል ሩቅ እንደ ተጓዘ ከሚያሳዩት ግኝቶች ዋነኛው በየመን አል-ማዳሪባ በተባለ ቦታ የተገኘው ክምችት ሲሆን፣ በውስጡ ከሮም የወርቅ ሳንቲሞች ጋር ከስምንት መቶ በላይ የአክሱም የወርቅ ሳንቲሞች ነበሩ። የነሐስ ሳንቲሞች ደግሞ በግብፅና በፍልስጤም ምድር በሚገኙ ጥንታዊ ከተሞች ጭምር ተገኝተዋል፤ በመሆኑም የአክሱም ሳንቲም ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ በተሰበሰበ የግል ስብስብ ውስጥ ቢገኝ የሚያስገርም አይደለም።

ከምርመራው በፊት ያለ ጥንቃቄ

በተፋቀ ሳንቲም ላይ ከሚደርሱት ጥፋቶች ሁሉ የከፋው «እንዲታይ» ተብሎ የሚደረግ ጽዳት ነው። የነሐስ ሳንቲም ለዘመናት በአፈር ውስጥ ሲቆይ የላይኛው ማዕድን ከእርጥበት፣ ከአየርና ከአፈሩ ጨው ጋር ተዋሕዶ ወደ ዝገትነት ስለሚለወጥ፣ ብዙ ጊዜ የፊደሉና የሥዕሉ ቅርጽ የሚገኘው በጤናማው ነሐስ ላይ ሳይሆን በራሱ በዝገቱ ንብርብር ውስጥ ነው። ሎሚ፣ ኮምጣጤ፣ አሸዋ ወይም የሽቦ ብሩሽ ይህን ንብርብር ሲያነሣ የተቀረጸውን ምስል አብሮ ያነሣዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው የሚያብለጨልጭ ነገር ግን ምንም የማይናገር ቁራጭ ነው።

የአክሱም ሳንቲም ከሌሎቹ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻበት ሌላም ምክንያት አለ። ከጥንቱ ዓለም ሳንቲሞች ሁሉ የአክሱምን ልዩ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ በብርና በነሐስ ሳንቲሞች ላይ የተመረጡ ቦታዎችን፣ ለምሳሌ በንጉሡ ራስ ዙሪያ ያለውን ክብ ወይም የመስቀሉን መካከል፣ በስስ ወርቅ የመለበጥ ልማድ ነው። ከዘመናት በኋላ ከዚህ ወርቅ የሚተርፈው አንዳንድ ጊዜ በጎድጓዳው ውስጥ የተጣበቀ፣ በአጉሊ መነጽር ካልሆነ በቀር የማይታይ ቅንጣት ብቻ ነው፤ ይህች ቅንጣት ግን ሳንቲሙን ከሮምና ከሌሎች የዘመኑ ነሐሶች በአንድ ጊዜ ልትለየው ስለምትችል፣ በብሩሽ አንድ ጊዜ መፈተግ የማንነቱን ዋና ማስረጃ ያጠፋል።

ስለዚህ ሳንቲሙን በጠርዙ ይዞ፣ ደረቅ አድርጎ፣ እንዳለ መመርመር የመጀመሪያው ደንብ ነው። በላዩ ላይ ፈዛዛ አረንጓዴና ዱቄት መሰል ነገር ብቅ ብቅ ካለበት፣ ይህ ክሎራይድ የተባለው የጨው ውሕድ ከእርጥበት ጋር እየሠራ ነሐሱን እየበላው መሆኑን የሚያመለክት ሕመም ነውና፣ ሳንቲሙን ከሌሎቹ ለይቶ በደረቅ ቦታ ማስቀመጥና የሙዚየም የቅርስ ጥገና ባለሙያ ማማከር ይገባል።

ማዕድን፣ ክብደትና ስፋት

ምርመራው የሚጀምረው ዓይን በቀላሉ ከማይታለልባቸው ነገሮች ነው። በወርቅ ቤት ሚዛን የተወሰደ ክብደትና በካሊፐር የተለካ ስፋት ከማንኛውም ንባብ በፊት መመዝገብ አለባቸው፤ ምክንያቱም በተለይ በወርቅ ሳንቲሞች ላይ ክብደት ራሱ የዘመን ምልክት ነው። የእንድብስና የቀጣዮቹ ነገሥታት ወርቅ በ2.7 ግራም አካባቢ ሲመዝን፣ የሮሙ ቆስጠንጢኖስ የግዛቱን የወርቅ ሳንቲም ክብደት ካሻሻለ በኋላ አክሱምም መለኪያውን አስተካክሎ በንጉሥ ዒዛና ዘመን ወደ 1.6 ግራም ገደማ አውርዶታል። ስለዚህ ጽሑፉ ሙሉ በሙሉ የጠፋ የወርቅ ሳንቲም እንኳ ከሁለት ግራም ተኩል በላይ ከመዘነ ከዚህ ለውጥ በፊት፣ አንድ ግራም ተኩል አካባቢ ከሆነ ደግሞ ከለውጡ በኋላ የተመታ መሆኑን መገመት ይቻላል። ንጉሥ አፊላስ ከሙሉው ሳንቲም የተከፋፈሉ ትንንሽ ወርቆችንም ስላስመታ፣ እጅግ ቀላል የሆነ ወርቅ ሲያጋጥም ይህም ሊታሰብ ይገባል። የወርቁ ጥራት በኋለኞቹ ነገሥታት ዘመን እየቀነሰ በመሄዱ፣ ፈዘዝ ያለ መልክ ያለው ወርቅ ወደ መጨረሻው ዘመን ያመለክታል።

በነሐስ ላይ ግን ክብደት ያን ያህል የታመነ መስካሪ አይደለም። የነሐስ ሳንቲሞች ሲመቱም ጥብቅ መለኪያ አልተደረገላቸውም፤ ዝገትም አንዱን ሲያቀለው ሌላውን ያከብደዋል። እነዚህን ለመለየት ወደ ምልክቱ ማለፍ ያስፈልጋል።

ጨረቃ ወይስ መስቀል?

በአክሱም ሳንቲም ላይ ዘመንን በግልጽ ለሁለት የሚከፍለው ነገር ከንጉሡ ራስ በላይ ወይም በጀርባው ገጽ የሚገኘው የሃይማኖት ምልክት ነው። ከክርስትና በፊት የነበሩት ነገሥታት ሳንቲሞች አግድም የተኛ ግማሽ ጨረቃና በላዩ ያለች ክብ ነጥብ ሲኖራቸው፣ ዒዛና በ4ኛው ክፍለ ዘመን ክርስትናን ከተቀበለ በኋላ ቦታውን መስቀል ወስዷል። የዒዛና ሳንቲሞች በሁለቱም ዓይነት ምልክት መገኘታቸው የአንድን ንጉሥና የአንድን አገር የእምነት ለውጥ በእጅ በሚያዝ ነገር ላይ ተመዝግቦ ለማየት ያስቻለ፣ በዓለም የሳንቲም ታሪክ ውስጥ ትልቅ ቦታ የሚሰጠው ማስረጃ ነው።

ጽሑፍ ሲፋቅ ምልክቱ ብዙ ጊዜ ይተርፋል፤ በተለይ የጀርባውን ገጽ የሚሞላ ትልቅ መስቀል ከሆነ ከፍ ያለው መስመሩ ቢበላ እንኳ ጥላው ይቀራል። ይህን ለማየት የሚረዳው ቀላል ዘዴ ብርሃንን ከላይ ሳይሆን ከጎን በዝቅተኛ ማዕዘን ማብራት ነው፤ የእጅ ባትሪው በሳንቲሙ ዙሪያ ቀስ እያለ ሲዞር፣ በቀጥተኛ ብርሃን ለስላሳ መስሎ የታየው ገጽ ጥላ ይጥልና የመስቀል ክንድ፣ የክብ መስመር ወይም የፊደል እግር ብቅ ይላል። ከስምንት ያህል አቅጣጫዎች የተነሡ ፎቶግራፎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ፣ በአንዱ ያልታየው በሌላው ይታያል።

ፊደሉና የንጉሡ መልክ

ፊደሉ በሙሉ ባይነበብም ግሪክኛ ወይም ግእዝ መሆኑን መለየት ብቻ ትልቅ እርምጃ ነው። በነሐስ ላይ ግሪክኛ መሆኑ በጥቅሉ ወደ ቀደሙት ዘመናት፣ ግእዝ መሆኑ ደግሞ በአብዛኛው ወደ 5ኛው ክፍለ ዘመንና ከዚያ ወዲህ ይመራል፤ ይሁን እንጂ ከዒዛና በፊት የነበረው ንጉሥ ወዘባ በወርቅ ላይ ሳይቀር ግእዝ ስለተጠቀመ ደንቡ ልዩ ሁኔታ አለው። በሳንቲሞቹ ላይ ያለው ግእዝ በአብዛኛው የአናባቢ ምልክት የሌለው ነው፤ «መስቀል» የሚለው ቃል መ፣ ሰ፣ ቀ፣ ለ በሚሉ አራት ፊደላት ይጻፋልና አንባቢው አናባቢውን ከራሱ ይጨምራል። በንጉሥ መሐድይስ ነሐስ ላይ «በዝ መስቀል ትመውእ»፣ ማለትም በዚህ መስቀል ታሸንፋለህ፣ የሚለው ቃል በዚሁ አጻጻፍ ተቀምጦ ይገኛል፤ ይህም ለቆስጠንጢኖስ በራእይ ተሰጠ ከተባለው ቃል የተወሰደ ነው። ግእዝን የሚያነብ ኢትዮጵያዊ ሰብሳቢ ከዚህ ጽሑፍ ሁለት ወይም ሦስት ፊደላት ብቻ ቢያገኝ የቀረውን ለመሙላት ከማንም የተሻለ ዕድል አለው።

በግሪክኛ ጽሑፍም እንዲሁ ቁራጭ ይበቃል። የቀደሙት ነገሥታት ከስማቸው ጋር «ቢሲ» በሚል ቃል የሚጀምር የወገን መጠሪያ ያስጽፉ ነበር፤ እንድብስ ዳኩ፣ አፊላስ ዲሜሌ፣ ኡሳናስ ጊሴኔ፣ ዒዛና አሌኔ የሚል መጠሪያ አላቸው። ስሙ ከፊት ገጽ ቢጠፋና ከጀርባው ገጽ የዚህ መጠሪያ ግማሽ ቢተርፍ፣ ንጉሡን ለመለየት ያ ግማሽ ይበቃል። በኋለኞቹ ወርቆች ላይ ግን ቀራጮቹ ግሪክኛውን እየረሱ በመሄዳቸው ፊደላቱ የተዘበራረቁ ስለሆኑ፣ የማይነበብ ጽሑፍ ሁልጊዜ የመፋቅ ውጤት አለመሆኑን ማስተዋል ያሻል።

የንጉሡ መልክ ሌላው መስካሪ ነው። የወርቅ ሳንቲሞች በሁለቱም ገጽ የንጉሥ ምስል አላቸው፤ ምስሉ በአብዛኛው ወደ ቀኝ የዞረ ግማሽ አካል ሲሆን ግራና ቀኙ በሁለት የእህል ዛላ ታቅፏል። እንድብስ በሁለቱም ገጽ ራሱን በጨርቅ የሸፈነ ሆኖ ሲታይ፣ ከአፊላስ ጀምሮ በአንዱ ገጽ ከፍ ያለ ዘውድ፣ በሌላው የራስ መሸፈኛ ጨርቅ ይታያል። በኋለኞቹ ዘመናት አንዳንድ ነሐሶች ንጉሡን ፊት ለፊት የሚመለከት አድርገው ያሳያሉ፤ በአርማህ ነሐስ ላይ ደግሞ ንጉሡ በሙሉ አካሉ በዙፋን ተቀምጦ ረጅም የመስቀል በትር ይዟል። ስለሆነም ዝርዝሩ የጠፋና የተቀመጠ ሰው ቅርጽ ብቻ የቀረበት ነሐስ ያለ አንዳች ፊደል የአርማህ መሆኑ ሊታወቅ ይችላል።

አንድ ነሐስ በቅርበት

እነዚህ ማስረጃዎች እንዴት እንደሚደጋገፉ ለማየት፣ በግል ስብስቦች ውስጥ ከሁሉ አብዝቶ የሚያጋጥመውን ዓይነት መውሰድ ይበቃል። ሳንቲሙ ነሐስ ነው፤ ስፋቱ 14 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ አንድ ግራም አካባቢ ነው። በፊት ገጹ ወደ ቀኝ የዞረ ራስ ቅርጽ ይታያል፤ ራሱ ላይ ያለው ክብና ለስላሳ ስለሆነ ዘውድ ሳይሆን የራስ ጨርቅ ነው። በጀርባው፣ በክብ መስመር ውስጥ አራት ክንዶቹ እኩል የሆኑ መስቀል አለ። ከጎን ብርሃን ሲበራበት በዙሪያው ጥቂት የግሪክኛ ፊደላት ይወጣሉ፤ በፊት ገጹም ግማሽ ጨረቃ የመሰለው ሲግማ የተባለው ፊደል ይታያል።

መስቀሉ ከክርስትና በፊት ያሉትን ነገሥታት ሁሉ ያስወግዳል፤ ግሪክኛው መሐድይስንና በግእዝ የጻፉትን የኋላ ነገሥታት ያስወግዳል፤ የራስ ጨርቁ ደግሞ ዘውድ ከደፉት ምስሎች ይለየዋል። የሚቀረው ጥያቄ የንጉሡ ስም የት ሄደ የሚለው ነው። በፊት ገጹ ላይ የተረፉት ፊደላት በመካከላቸው ያለው ርቀት ሲለካ ዙሪያው ሊይዝ የሚችለው ስምንት ያህል ፊደላትን ብቻ መሆኑ ይታወቃል፤ በግሪክኛ «ባሲሌውስ»፣ ማለትም ንጉሥ፣ የሚለው ቃል በትክክል ስምንት ፊደል ነው። በጀርባው ያለው ደግሞ «ቱቶ አረሴ ቴ ኮራ»፣ ማለትም ይህ ሀገሩን ደስ ያሰኝ፣ የሚለው በንጉሥ ኡዋዜባስ ሳንቲም ላይም የሚገኘው ቃል ነው። ስለዚህ ሳንቲሙ ስሙ የተፋቀበት አይደለም፤ ከመጀመሪያውም የንጉሥ ስም ያልተጻፈበት፣ ከዒዛና በኋላ ለረጅም ጊዜ በብዛት የተመታ ስም አልባ ነሐስ ነው። ሰብሳቢው በከንቱ ሲፈልገው የኖረው ስም አለመኖሩ ራሱ የመለያው መልስ ሆነ ማለት ነው፤ ትክክለኛው ምዝገባም «የአክሱም ስም አልባ ነሐስ፣ ከ4ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በኋላ» የሚል እንጂ በግምት የተለጠፈ የንጉሥ ስም አይደለም።

አሳሳቾችና ማነጻጸሪያዎች

ከአክሱም ነሐስ ጋር ከሁሉ ይበልጥ የሚምታታው የ4ኛው ክፍለ ዘመን ትንንሽ የሮም ነሐስ ነው፤ መጠኑም፣ ወደ ቀኝ የዞረው ራስም ይመሳሰላሉ። የሮሙ ንጉሠ ነገሥት ግን ብዙ ጊዜ ከማጅራቱ የሚወርድ የዘውድ ማሰሪያ ጥብጣብ ያለው ሲሆን ጽሑፉም ላቲን ነው፤ በጀርባውም ወታደሮች፣ የከተማ በር ወይም የአበባ ጉንጉን ይበዛል። አስመስሎ የተሠራ ሳንቲም ደግሞ ሌላው አደጋ ነው። ጥንታዊው ሳንቲም በሁለት የተቀረጹ ማኅተሞች መካከል ተመትቶ የተሠራ ሲሆን፣ አብዛኛው አስመሳይ ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ስለሆነ በጠርዙ ዙሪያ የመገጣጠሚያ መስመር፣ በገጹም ከአየር አረፋ የቀሩ ቀዳዳዎች ይታዩበታል፤ የተቀረጸውም ነገር ጠርዝ አልባና የደበዘዘ ይሆናል። ሁለት ሳንቲሞች እስከ ጉዳታቸው ድረስ ፍጹም አንድ ዓይነት ሆነው ከተገኙ ቢያንስ አንዱ ቅጂ መሆኑ አያጠራጥርም።

የተገኘው ግምት መረጋገጥ ያለበት ከታተሙ ስብስቦች ጋር በማነጻጸር ነው። ጀርመናዊው ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ ከኢትዮጵያ ይዞ ከተመለሳቸው ሳንቲሞች ጀምሮ የተጠራቀመው እውቀት፣ በጣሊያናዊው አርቱሮ አንዛኒ የ1926 ጥናትና በእንግሊዛዊው ስቱዋርት ሙንሮ ሄይ የ1984 መጽሐፍ መልክ ይዟል። ሙንሮ ሄይ የብሪቲሽ ሙዚየምን ስብስብ በ1999፣ ቮልፍጋንግ ሃን እና ቪንሰንት ዌስት ደግሞ በኦክስፎርድ የሚገኘውን የአሽሞሊያን ሙዚየም ስብስብ በ2016 በፎቶግራፍ አስደግፈው አሳትመዋል። ጥርጣሬ ሲቀር ሳንቲሙን ሳይነኩ ማዕድኑን በኤክስሬይ የሚለካ መሣሪያ መጠቀም ይቻላል፤ ነገር ግን መሣሪያው የሚያየው የላይኛውን ገጽ ብቻ ስለሆነ ዝገት ውጤቱን ሊያዛባው እንደሚችል መዘንጋት የለበትም።

የተገኘበት ቦታ

አንድ ሳንቲም ስለ ንጉሡ የሚናገረው በራሱ ገጽ ላይ ነው፤ ስለ ሕዝቡ የሚናገረው ግን የተገኘበት ቦታ ሲታወቅ ነው። ከክረምቱ ዝናብ በኋላ በአክሱም ዙሪያ ካለ ማሳ የወጣ ነሐስ ከየትኛው መንደር፣ ከየትኛው ፍርስራሽና ከምን ዓይነት ሸክላ ጋር እንደተገኘ ቢታወቅ፣ ገንዘቡ በገጠሩ ምን ያህል ይዘዋወር እንደነበር፣ ያ ቤት መቼ ተሠርቶ መቼ እንደተተወ ለማወቅ ይረዳል። ያ መረጃ ተለይቶ ሲጠፋ ግን ምንም ያህል በደንብ ቢነበብ የሚቀረው የንጉሥ ስም ብቻ ነው። የኢትዮጵያ የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 (ይህ ዓመት ብቻ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ እንዲያስታውቅ፣ ቅርስም ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ የደነገገው ይህን እውቀት ጭምር ለማዳን ነው።

አስቀድሞ በግል እጅ ላለ ሳንቲምም ብዙ ማድረግ ይቻላል። ከማን፣ መቼና ከየት አካባቢ እንደመጣ የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ሳያልፉ መጠየቅ፣ የነገሩትን ከክብደቱ፣ ከስፋቱና ከፎቶግራፉ ጋር በአንድ ወረቀት ማስፈር፣ የታየውንና የተገመተውን ለይቶ መጻፍ፣ ሳንቲሙንም ለሚመለከተው የቅርስ መሥሪያ ቤት አሳይቶ ማስመዝገብ ከሰብሳቢው የሚጠበቅ ተግባር ነው። የተፋቀ ሳንቲም ዳግመኛ አይመታም፤ ስለ እርሱ የሚታወቀው ግን በጥንቃቄ ከተጻፈ፣ ዛሬ «የአክሱም ነሐስ» ብቻ ተብሎ የተመዘገበው ነገ ሌላ ተመሳሳዩ ሲገኝ ንጉሡንና ዘመኑን ሊያገኝ ይችላል።